ስኮርታ

ደብረ ሲና ነው፤ ጥር ነው፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣
አምፕሊፋየሬ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጥ አለ ልቡ።
ጣቴ ክሩ ላይ ይሮጣል፤ ድምፅ የለም፤
አንድ ሽማግሌ፣ ዕረፍት መስሏቸው፣ አጨበጨቡ።
ይልቃል ኪቦርዱን አስጩኾ ገመናዬን ሸፈነ፤
የኔ ሣጥን ግን፣ ያ ጥቁር፣ ያ ግንዲላ፣
በሦስተኛ ሰርጉ ከዳኝ፤ በድን ሆነ።

ስንመለስ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው፣
ሾፌሩ ሸዋቀና በመስታወት አየኝ፤ ዝምታዬ ከበደው።
«ወንድሜ፣» አለ፣ «ስኮርታ ሳልይዝ
ይኼን ቁልቁለት አልወርድም፤
ጎማዬን አምነዋለሁ፤
ግን በስሙ አልምልም።»

ጠባሴ፣ ኩራባቸው ሱቅ። ሆዱን በካቻቢቴ ከፈተው፤
አሸተተው፤ በጣቱ መታ መታ አድርጎ እንደ ሐብሐብ አዳመጠው።
«ብየዳው ነው። እዚህ ሲያድር ይኮማተራል፣
ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ይለጠጣል፤
ብረትም እኮ፣ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቁበት፣ ይሰነጠቃል።
እበይድልሃለሁ፤ መሐላ ግን የለኝም።
ምትክ ፈልግለት፣ ምትኩ» —
ብሎ በገዛ ቀልዱ ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም።

ሦስት ነገር ደረደረልኝ።
አንዱ ከመርካቶ የመጣ፣ ባለ አምፖል፣ ድምፁ ወለላ፤
ሸክሙ ግን ለሁለት ሰው፤
ጄኔሬተር ሲያስነጥስ አብሮ የሚታመም ገላ።
ሁለተኛው ሣጥንም አይደል፤ መዳፍ የምታህል ብረት፣
ጊታሩን ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የምትሰድ፤
ድምፁ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚነበብበት።
ሦስተኛዋ ትንሽ ናት፤ መብራት ቢጠፋ በባትሪ ትሠራለች፤
ወፍራም ክር ሲመታ ትንተባተባለች፤
ከግልገል አትከብድም፤ ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ትቀመጣለች።

ቆሜ አየኋቸው። ስለ ዋጋ ማሰብ ነበረብኝ፤
ስሜ ነው የመጣብኝ።

ከኔ በፊት ሞላልኝ ነበረ። በሦስት ዓመቱ ኩፍኝ ወሰደው።
እናቴ እኔን ስትወልድ ያለቀሰችው ለማን እንደሆነ
እስከዛሬ አልጠየቅኋትም፤ አፌ ፈራው።
አሁንም ከጓሮ ስትጠራኝ «ሞ...» ትልና ትመለሳለች፣
«ምትኩ» ትላለች።
በዚያች አንዲት ፊደል ውስጥ
ሠላሳ አራት ዓመት ወንድሜ ይኖራል፤
እኔ ደጅ ቆሜ፣
እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

ትንሿን ገዛኋት። የሁለት ሰርግ ድካሜን ቆጠርኩ።
«ድምጿ ቀጭን ነው» አለ ይልቃል። ነው። አልተከራከርኩ።
ኩራባቸው ደግሞ፣ «ባትሪዋን ሙላና ለክፉ ቀን ሸሽጋት፣
በከንቱ አትነካካት» አለኝ።
እሺ አልኩት። አልሸሸግኋትም።

አሁን በየሰርጉ፣ ትልቁ ደኅና ሳለ፣ ሳያስል ሳያቃስት፣
አንድ ዘፈን አለ፣ ቀስ ያለው፣ ሰዉ ሳህን ይዞ የሚሰለፍበት፤
ያኔ ገመዱን እነቅልና እሷ ላይ እሰካለሁ።
ጥቂት ትንተባተባለች። ከዚያ ትለቀዋለች።
ሰው ከጠየቀኝ፣ «ሙከራ ነው፤
ያልታየ ስኮርታ በተፈለገ ቀን ተንፍሶ ይገኛል» እላለሁ፤
አልዋሸሁም።
ግን ማንም ሳይሞት፣ ማንም ቦታ ሳይለቅ፣
ተራ ይድረሳት ብዬም ነው፤
ይኼን ለማንም አልነገርኩም።

ማታ፣ ብርዱ ሲጀምር፣ በከተማችን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ
ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ።
ሸዋቀና ዞር ብሎ ያየናል፤
ግማሽ ሒሳብ ያስከፍለኛል፤
«ዕቃ ናት እኮ» ስለው፣
«ልጅ ናት» ይለኛል።